ባለ 16 ክፍሉ የእንጨት የእርግብ ቤት፦ ከመግዛታችሁ በፊት ሜትር ይዛችሁ ሂዱ

በደብረ ብርሃን የእንጨት ሥራ ቤቶች ደጃፍ ላይ፣ ከአልጋውና ከቁም ሣጥኑ ጎን ለሽያጭ የሚቆም አንድ ዕቃ አለ፤ ባለ 16 ክፍል የእርግብ ቤት። አራት በአራት የተደረደሩ ክብ በሮች፣ ከፊት ነጭ ቀለም፣ ከላይ ቆርቆሮ፣ ከሥር አንድ የባሕር ዛፍ ቋሚ። የሚሠሩት አናጢዎች ቢለያዩም ልኩ ይመሳሰላል፤ ወርዱና ቁመቱ 1 ሜትር ገደማ ነው፣ ጥልቀቱ 25 ሳንቲ ሜትር። ዋጋው ከአንድ ደህና ሙክት ብዙም አይርቅም። ስለዚህ አይቶ ደስ ስላለው ብቻ ማንም ተሸክሞት ሊሄድ አይገባም።

ፍርዱን አስቀድሞ መናገር ይሻላል። ቤቱ እንዳለ ከተገዛና ሜዳ ላይ ከተተከለ የደጋን ብርድና የክረምትን ዝናብ አይችልም፤ ሻጮቹ እንደሚሉትም 16 ጥንድ አይዝም። አናጢ አንድ ቀን ሠርቶ ካስተካከለው ግን ለ8 ጥንድ የሚሆን ደህና ቤት ይወጣዋል። ከዚያ በላይ ማርባት የሚፈልግ ሰው ገንዘቡን ለግንበኛ ቢሰጥ ይሻለዋል፤ የዚህንም ልክ ወደ ታች አስቀምጠነዋል።

ጥሩ ጎኑ ይቅደም። የፊቱ ጣውላ በደንብ የደረቀ ባሕር ዛፍ ነው፤ ውፍረቱ 2 ሳንቲ ሜትር፣ በመላጊያ የተላገ፣ መጋጠሚያው የጠበቀ። የክብ በሮቹ ጠርዝ በብርጭቆ ወረቀት ተሽቶ ለስልሷል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ በቀን ሃያ ሠላሳ ጊዜ የምትገባና የምትወጣ እርግብ ሻካራ ጠርዝ ካገኛት የደረቷ ላባ ይረግፋል። ቀለሙ ከውጭ ብቻ መቀባቱም ትክክል ነው፤ ውስጡን የምትለቅም ወፍ ስለሆነች ባዶ እንጨት ይሻላታል። ቋሚው ከተነቀለ ሁለት ሰው ያነሣዋል፤ ባጃጅ ላይ ይጫናል።

አሁን ወደ ቁጥሩ። «16 ክፍል ስለሆነ 16 ጥንድ ይይዛል» የሚለው የሻጮች ሒሳብ የእርግብን አወላለድ አያውቅም። እርግብ ሁለት እንቁላል ትጥላለች፤ ከ17 እስከ 19 ቀን ይታቀፏቸዋል። አውራው ረፋድ ላይ ገብቶ እስከ ቀትር በኋላ ይቀመጣል፣ የቀረውን ቀንና ሌሊቱን ሙሉ እንስቷ ትይዛለች። ጫጩቶቹ ለመብረር አራት አምስት ሳምንት ይፈጅባቸዋል። እናቲቱ ግን ይህን ሁሉ አትጠብቅም፤ ጫጩቶቹ ሁለት ሦስት ሳምንት ሲሞላቸው ሌላ ጎጆ ፈልጋ ቀጣዩን እንቁላል ትጥላለች። በዚያን ጊዜ ሁለተኛ ክፍል ከሌላት ወይ እዚያው ጫጩቶቹ እግር ሥር ትጥልና እንቁላሉ ይረገጣል፣ ወይ የጎረቤቷን ጎጆ ለመንጠቅ ጠብ ይነሣል። የተሰበረ እንቁላልና አናቱ የተቦጫጨቀ ጫጩት ስታዩ መጀመሪያ የምትጠረጥሩት ይህን ይሁን። ለአንድ ጥንድ ሁለት ጎጆ፤ ስለዚህ 16 ክፍል ማለት 8 ጥንድ ነው።

ቀጥሎ የእያንዳንዱ ክፍል ስፋት። 22 በ22፣ ጥልቀት 25 ሳንቲ ሜትር። ያደገች እርግብ ከምንቃሯ እስከ ጭራዋ ጫፍ ከ30 ሳንቲ ሜትር ትበልጣለች። እዚህ ክፍል ውስጥ ገብታ ስትዞር ጭራዋ ግድግዳ ይመታል፣ እግሯ እንቁላሉን ይገፋል። በሩ ላይ ደፍ ስለሌለ ደግሞ የተገፋው እንቁላል በቀጥታ ወደ ውጭ ይንከባለላል። ዕድሜው ሁለት ሳምንት የሆነ ጫጩትም እንዲሁ ይወድቃል፤ መብል ፍለጋ ወደ ብርሃኑ ሲንፏቀቅ የሚያቆመው ነገር የለም።

በዚህ ጉዳይ ላይ እንግሊዞች የሠሩትን ማየት ይጠቅማል፤ በእነሱ አገር የእርግብ ቤት የአንድ ርስት ዋና ሕንፃ ሆኖ ለብዙ መቶ ዓመታት ቆይቷልና። ልማዱን ይዘው የመጡት ኖርማኖች ናቸው፤ አገሩን ከያዙበት ከ1066 (እ.ኤ.አ.) በኋላ። ለረጅም ጊዜ የእርግብ ቤት ማቆም የርስት ጌታውና የቤተ ክህነቱ መብት እንጂ የጭሰኛው አልነበረም። ሄርፎርድሺር ውስጥ ጋርዌይ በሚባል መንደር በ1326 የተሠራው ክብ የድንጋይ ቤት ዛሬም ቆሟል፤ 666 የጎጆ ቀዳዳዎች አሉት። ዎሪክሺር ውስጥ ኪንዋርተን ያለው የ14ኛው መቶ ዘመን ቤት ከ500 በላይ ቀዳዳ አለው። ቤድፎርድሺር ውስጥ ዊሊንግተን ያለው በ16ኛው መቶ ዘመን የተሠራ ሲሆን ወደ 1,500 ይደርሳል፤ መካከሉ በግድግዳ ለሁለት የተከፈለ ስለሆነ በአንዱ ወገን ሰው ገብቶ ሲሠራ የሌላው ወገን ወፎች አይረበሹም።

የጎጆ ቀዳዳዎቹ አሠራር ነው ለእኛ ትምህርት የሚሆነው። በብዙዎቹ ቤቶች ቀዳዳው በቀጥታ ወደ ግድግዳው አይገባም። አፉ ወደ 15 ሳንቲ ሜትር ጠባብ ነው፤ ውስጥ ከገባ በኋላ ወደ ጎን ይታጠፍና ይሰፋል። እርግቧ የምትታቀፈው እጥፋቱ ውስጥ ነው። ከአፉ ፊት ለፊት ስላልሆነች ነፋስ አያገኛትም፣ ብርሃን አይወጋትም፣ እጁን የሚሰድ አውሬም በቀላሉ አይደርስባትም፤ እንቁላሉም ወደ ውጭ የሚንከባለልበት ቀጥታ መንገድ የለውም። የደብረ ብርሃኑ ሣጥን ያጣው ይህንን አንድ እጥፋት ነው። ደግነቱ እንጨት ስለሆነ ማስተካከያው ቀላል ነው፤ እንመለስበታለን።

የጀርባው ነገር ግን ከሁሉ ይብሳል። ፊቱ ባሕር ዛፍ ሆኖ ጀርባውና መለያያዎቹ ችፑድ ናቸው። ችፑድ ከእንጨት ፍቅፋቂና ከሙጫ የተጋገረ ሰሌዳ ስለሆነ ጠርዙ ውሃ ከነካው ያብጣል። ሐምሌና ነሐሴ ሲያልፉ ጀርባው ይቆለመማል፣ ምስማሩ ይላላል፣ በመካከል በሚከፈተው ስንጥቅ ነፋስ ይገባል። እርጥበቱም የሚመጣው ከዝናብ ብቻ አይደለም፤ የወፎቹ ትንፋሽና ኩስ ከውስጥ ያርሰዋል። ስንጥቁ ቀን ቀን ቅማንቅማኝ የሚደበቅበት ዋሻ ይሆናል፤ ማታ ወጥቶ የታቀፈችዋን እርግብና የጫጩቶቹን ደም ይጠጣል። ጫጩቶች ያለ ምክንያት ሲገረጡና ሲከሱ ካያችሁ ማታ በባትሪ መለያያው መጋጠሚያ ላይ ተመልከቱ፤ የሚርመሰመሱ ቀያይ ነጥቦች ከታዩ መልሱ እሱ ነው። ችፑድ በኖራ ቢቀባም አይድንም። አውልቆ በጣውላ መቀየር ብቻ ነው የሚሻለው።

የክዳኑ ቆርቆሮ ጥሩ ቆርቆሮ ነው። ግን ከሥሩ ኮርኒስ የለውም፣ ከፊት የወጣውም 4 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። ከኅዳር እስከ ጥር ባለው የውርጭ ወቅት ሌሊት ቆርቆሮው በጣም ይቀዘቅዛል፤ የወፎቹ ትንፋሽ እላዩ ላይ ወደ ውሃ ተለውጦ ሲነጋጋ የላይኛው ረድፍ ጎጆ ላይ ይንጠባጠባል። ብርዱ ክፉ የሚሆነው ለእንቁላሉ አይደለም፣ እንቁላሉን ቀንም ሌሊትም የሚይዝ አለ። ክፉ የሚሆነው ጫጩቱ ከሰባት እስከ ዐሥር ቀን ሲሞላው ነው፤ በዚያ ዕድሜ ወላጆቹ ሌሊት ሌሊት ማቀፋቸውን ይተዋሉ፣ እሱ ደግሞ ገና ላባ አላወጣም። በዚያ ሳምንት ጎጆው ደረቅ ካልሆነ ጫጩቱ ጠዋት ሞቶ ይገኛል። በጣርማ በርና በመሐል ሜዳ አካባቢ ጉሙም ስላለ ነገሩ ይበረታል። ሸዋ ሮቢትና አጣዬ ለሚወስዱት ደግሞ ችግሩ ተገልብጦ ይመጣል፤ እኩለ ቀን ላይ ቆርቆሮው ሲግል የላይኛው ረድፍ ምድጃ ይሆናል። የሁለቱም መድኃኒት አንድ ነው፦ ከቆርቆሮው ሥር የጣውላ ኮርኒስ፣ በመካከላቸው አየር የሚተላለፍበት 5 ሳንቲ ሜትር ክፍተት፣ ከፊት ቢያንስ 15 ሳንቲ ሜትር የወጣ ክዳን።

ስለ ጠላት። አይጥ፣ ድመት፣ ሽለምጥማጥ፣ ጭልፊት። ብዙ ሰው በሩን በማጥበብ የሚከላከል ይመስለዋል። በሩ 10 ሳንቲ ሜትር ነው፤ እርግብ የምትገባበት ቀዳዳ ለሽለምጥማጥም ይበቃዋል፣ ለአይጥማ ተርፎት። የሚከላከለው ከፍታና ለመውጣት የማያስይዝ ልስልስ ነገር ነው። ይህንንም እንግሊዞች በብዙ ኪሣራ ነው የተማሩት። ቡናማው አይጥ አገራቸው የገባው በ18ኛው መቶ ዘመን ነው፤ ከዚያ በፊት ከወለል ጀምሮ ጎጆ የነበራቸው ቤቶች የታችኞቹን ረድፎች ለመድፈን ተገደዱ። ሶመርሴት ውስጥ ደንስተር ያለው ቤት ይህ ከተደረገባቸው አንዱ ነው። በብዙ ቤቶች ውጭ ግድግዳ ላይም አንድ የድንጋይ ረድፍ ወጣ ብሎ ዙሪያውን ይታጠቃል፤ ሽቅብ የሚወጣ አይጥ እዚያ ሲደርስ መመለስ ነው ዕጣው።

ከሣጥኑ ጋር የሚሸጠው ቋሚ 2 ሜትር ነው። 60 ሳንቲ ሜትር ሲቀበር የሚተርፈው 1 ሜትር ከ40 ሲሆን ያንን ድመት ሳትሮጥ ትዘለዋለች። ውፍረቱም 10 ሳንቲ ሜትር ስለሆነ በነፋስ ይወዛወዛል፤ የሚወዛወዝ ቤት ውስጥ እርግብ አትታቀፍም፣ ጥላ ትሄዳለች። ስለዚህ ሣጥኑን ያለ ቋሚ ግዙና ዋጋ አስቀንሱ። ቋሚውን ለብቻ ፈልጉ፤ ርዝመቱ 3 ሜትር ከ20፣ ውፍረቱ 15 ሳንቲ ሜትር፣ 70 ሳንቲ ሜትር የሚቀበር። የሚቀበረውን ክፍል እሳት ላይ አገላብጦ ማክሰልና የተቃጠለ ዘይት መቀባት ከምስጥና ከመበስበስ ያቆየዋል። ከመሬት 1 ሜትር ከ20 ጀምሮ እስከ 2 ሜትር ድረስ በላሜራ ይጠቅለል፤ የምስማሩ ራስ እንዳይወጣ፣ የላሜራው መጋጠሚያ ጥፍር እንዳያስገባ። ከዛፍ፣ ከአጥርና ከጣሪያ 2 ሜትር ካልራቀ ግን ይህ ሁሉ ልፋት ከንቱ ነው፤ ድመት ከጎን ትዘላለች።

በእኛ ግምት ለደጋው የሚሻለው ቋሚውን ትቶ ሣጥኑን ከቤት ግድግዳ ጋር ከክዳኑ ሥር መስቀል ነው። ዝናቡ ይቀራል፣ ነፋሱ በግማሽ ይቀንሳል፣ ከግድግዳው የሚወጣው ሙቀትም ይረዳል። ፊቱ ወደ ደቡብ ቢሆን በበጋ ፀሐይ ወደዚያ ስለምታዘነብል ጠዋትም ከሰዓትም ብርሃን ያገኛል። ሣጥኑ ላይ የሚደርስ አይጥ ግን በሻካራ የጭቃ ግድግዳ ላይ እንደ ልቡ ስለሚወጣ ከሣጥኑ ሥርና ግራ ቀኝ 50 ሳንቲ ሜትር ያህል በሲሚንቶ ልስን ይለስልስ ወይም ላሜራ ይመታበት።

አሁን ማስተካከያው። ለአናጢው እንዲህ በሉት። በየረድፉ አንደኛውንና ሁለተኛውን ክፍል የሚለየው ሰሌዳ ይውጣ፤ ሦስተኛውንና አራተኛውን የሚለየውም እንዲሁ። በአራቱ ረድፍ ስምንት መለያያ ይነሣል፣ ስምንት ሰፊ ክፍል ይቀራል፤ የእያንዳንዱ ወርድ 46 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። መለያያው የላይኛውን ወለል ይደግፍ ስለነበር በምትኩ ከፊት በኩል 5 ሳንቲ ሜትር ሞራሌ ይግባ፣ አለበለዚያ ወለሉ ይጎብጣል። ከዚያ የመካከለኞቹ ሁለት ዓምድ በሮች ከውስጥ በጣውላ ይደፈኑ፤ ክፍት የሚቀሩት የግራና የቀኝ ዳር በሮች ናቸው። አሁን እርግቧ በዳር በር ገብታ ወደ መካከል ታጥፋ ትታቀፋለች። ያ የእንግሊዞቹ እጥፋት በእንጨት ተሠራ ማለት ነው። ጎጆዎቹ መካከል ላይ ጀርባ ለጀርባ ስለሚሆኑ ይሞቃሉ፣ በሮቹ ደግሞ ስለሚራራቁ የአውራዎቹ ጠብ ይቀንሳል። ሁለተኛው ጎጆ በር አካባቢ ይቀመጣል፤ በሁለቱ መካከል 8 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ያለው ጣውላ ይቁም፣ በሩ ላይም 5 ሳንቲ ሜትር ደፍ ይመታ።

ጀርባው ችፑድ ሲወጣ በዚያው አጋጣሚ ጥልቀቱን በ10 ሳንቲ ሜትር አስጨምሩ፤ 35 ይሆናል። ቁመቱን ግን ምንም ማድረግ አይቻልም፣ 22 እንዳለ ይቀራል፤ ዝቅ ያለ ቢሆንም እርግብ ትኖርበታለች። ቋሚ ላይ የሚቆም ከሆነ አዲሱ ጀርባ በማጠፊያ የሚከፈት መዝጊያ ይሁን። ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ከሆነ ጀርባው ስለማይከፈት የፊቱ ጣውላ በየረድፉ ወደ ላይ የሚነሣ ይደረግ። ይህን አስቀድማችሁ ወስኑ፣ አናጢው ከጨረሰ በኋላ መለወጥ ከባድ ነው። እንደተገዛው ሣጥን ፊቱም ጀርባውም በምስማር የተመታ ከሆነ ማጽዳት አይቻልም፤ ካልጸዳ ደግሞ ኩሱ ስድስት ወር ሳይሞላው ጎጆውን እስከ በሩ ያደርሰዋል።

በየረድፉ ፊት ያለው 12 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው መቆሚያ ከዳር እስከ ዳር አንድ ወጥ ነው። አንድ ጉልበተኛ አውራ እሱ ላይ እየተንጎማለለ ሌላውን ጥንድ ከበሩ ያባርራል። ተቆርጦ ለየበሩ 15 ሳንቲ ሜትር ብቻ ይተው፤ ትንሽም ወደ ውጭ ያዘንብል፣ የዝናቡ ውሃ ወደ ውስጥ እንዳይፈስ።

ውስጡን በኖራ ወተት ሁለት ጊዜ ቀቡት፤ ሁለተኛው የመጀመሪያው ሲደርቅ። ለቅማንቅማኝ ከኖራ የሚሻል ርካሽ ነገር የለም። ለጎጆ የጤፍ ጭድና ቀጫጭን ጭራሮ ግቢው ውስጥ በትኑላቸው፣ ራሳቸው ያስገባሉ። በውርጩ ወራት ግን ከሥር ሁለት ጣት የሚሆን ደረቅ ጭድ እናንተ ደልድሉ፣ ጫጩቶቹ በወጡ ቁጥርም ለውጡት። ኩሱን ስትጠርጉ ቀድማችሁ ውሃ እርጩበት፤ አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑ። የደረቀ የእርግብ ኩስ አቧራ ሳንባ ይጎዳል፣ ለዓመታት ሲተነፍሱት ደግሞ የማይለቅ በሽታ ያመጣል።

ወፎቹን ስለማስለመድ ሻጩ ምንም አይነግራችሁም። ከሌላ ሰው የመጣች ያደገች እርግብ በማግስቱ ከተለቀቀች ወደ ቀድሞ ቤቷ ትመለሳለች፤ ደብረ ሲና ያደገችውን ደብረ ብርሃን ብትለቋት መንገዱን አታጣውም። ከሣጥኑ ፊት የዶሮ ሽቦ ወጥራችሁ ከሦስት እስከ አራት ሳምንት ያዟቸው፤ በሽቦው ውስጥ ሆነው ግቢውን ይዩት። መጀመሪያ የምትለቋቸው ወደ ማታ፣ ሳይበሉ ይሁን። ከሁሉ የሚሻለው ግን ገና መብረር የጀመሩ ልጆችን መግዛት ነው፤ የሚያስታውሱት ሌላ ቤት የላቸውም። ከ8 ጥንድ ይልቅ በ4 ጀምሩ። ልጆቻቸው በስድስት ወር ውስጥ ራሳቸው ጥንድ ይሆናሉ።

ለአንድ እርግብ በቀን ከ30 እስከ 40 ግራም እህል ይበቃል፤ ለ8 ጥንድ ከግማሽ ኪሎ ትንሽ ይበልጣል። ሦስት እጅ ስንዴ፣ ገብስና ከቆላው የሚመጣው ማሽላ፣ አንድ እጅ አተርና ምስር። ጫጩት ሲኖር አተሩን ከፍ አድርጉ። ደቃቅ ጠጠርና የተወቀጠ የእንቁላል ቅርፊት አይለያቸው፤ ያለ ጠጠር እህሉን አይፈጩትም። ውሃው በየቀኑ ይለወጥ፤ እርግብ እንደ ዶሮ ቀና እያለች ሳይሆን ምንቃሯን ነክራ ስለምትመጥ ዕቃው ቢያንስ 3 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ይኑረው። አንድ ጫጩት ጉሮሮው ውስጥ ቢጫ ነገር ይዞ መዋጥ ካቃተው በሽታው በውሃ ዕቃው በኩል ለሌላው ይዛመታል፤ ለይታችሁ ለእንስሳት ሐኪም አሳዩ።

ከ8 ጥንድ በላይ ለሚፈልግ ሰው ሁለተኛ ሣጥን መግዛት አይታየንም። ሰሜን ሸዋ የድንጋይ አገር ነው፤ መንዝ በድንጋይ ቤት የታወቀ ነው፣ ግንበኛም ሞልቷል። የሚከተለውን ልክ ለማንኛውም ጥሩ ግንበኛ መስጠት ይቻላል። ውስጡ 1 ሜትር ከ50 በ1 ሜትር ከ50፣ የግድግዳው ውፍረት 50 ሳንቲ ሜትር፣ ቁመቱ 2 ሜትር ከ60። ይህ መሠረቱን ሳይጨምር ወደ 10 ሜትር ኩብ ድንጋይ ይወስዳል። በጭቃ ተገንብቶ ውጭው በኖራ ይለሰን። የጎጆ ቀዳዳ ከወለል 1 ሜትር በታች አይጀመር፤ የደንስተሩን ረድፍ መድፈን አስታውሱ። በር በሌላቸው ሦስት ግድግዳዎች ላይ በየረድፉ ሦስት ቀዳዳ፣ አራት ረድፍ፣ በጠቅላላው 36፤ ይህም 18 ጥንድ ነው። የእያንዳንዱ አፍ 15 በ15 ይሁን፤ ወደ ውስጥ 35 ይግባ፣ ከአፉ በስተጀርባ ወደ አንድ ጎን 20 ሳንቲ ሜትር ይስፋ። ግንበኞች ይህን እጥፋት «ትርፍ ሥራ» ብለው ይዘሉታል፤ አጠገባቸው ሆናችሁ የመጀመሪያውን ረድፍ ብታዩ ሌላው ይስተካከላል። ከውጭ በኩል 2 ሜትር ላይ 12 ሳንቲ ሜትር የወጣ ጠፍጣፋ ድንጋይ ዙሪያውን ይታጠቅ። ጎንበስ ብሎ የሚገባበት 60 በ90 በር፣ ታቹ ላሜራ የተመታ። እርግቦቹ የሚገቡት በጣሪያው አናት ላይ በሚቀመጥ፣ አራት ጎኑ ክፍት በሆነ ትንሽ ጉልላት ነው፤ ክዳኑ ዝናብ እንዳያስገባ ወጣ ወጣ ይበል።

በትልልቆቹ የእንግሊዝ ቤቶች መካከል ላይ የሚዞር ምሰሶ ይቆም ነበር፤ ከምሰሶው ክንዶች ይወጣሉ፣ ክንዶቹ መሰላል ይይዛሉ፣ ሰውየው መሰላሉ ላይ ሆኖ ግድግዳውን እየገፋ ይዞርና ሁሉንም ጎጆ ይደርሳል። ኪንዋርተን ውስጥ ምሰሶው አሁንም አለ። እጅግ የሚያምር ብልሃት ነው፤ ለ36 ቀዳዳ ግን አጭር መሰላል ይበቃል።

እነሱ ይህን ሁሉ ያቆሙት በዋናነት ለሥጋው ነበር፤ ጫጩቱን መብረር ሳይጀምር በአራት ሳምንቱ ያርዱት ነበር። ኩሱ ለማሳ፣ ለቆዳ ፋብሪካና ከእሱ ለሚወጣው የባሩድ ጨው ይፈለግ ነበር። በእኛ ዘንድ እርግብን ለሥጋ የሚያረባ ብዙም የለም፤ የኖኅ መልእክተኛ፣ በዮርዳኖስም መንፈስ ቅዱስ በአምሳሏ የወረደባት ናት፣ ግቢ ስትገባም ደስ ይላል። ጥቅሙ ኩሱና የሚሸጠው ጥንድ ነው። ኩሱ ኃይለኛ ስለሆነ ትኩሱን ነጭ ሽንኩርትና ድንች ላይ አትበትኑ፣ ያቃጥላል። ከጭድና ከአፈር ጋር ደባልቃችሁ ሦስት ወር ያህል አብስሉት።

አንድ ነገር ከጎረቤት ጋር ቀድማችሁ ተነጋገሩ። የእንግሊዝ ጭሰኞች ዋና ምሬት የጌታቸው እርግቦች የዘሩትን እህል መልቀማቸው ነበር፤ መግደልም አይፈቀድላቸውም ነበር። በእኛም ገብስ በሚዘራበትና ምስር በሚታጨድበት ሰሞን 18 ጥንድ እርግብ የሰው ማሳ ላይ ሲያርፍ ዝም ብሎ የሚያይ ገበሬ የለም። በዘር ሳምንት ቤቱን ዘግታችሁ ውስጥ ቀልቧቸው፤ የድንጋዩ ቤት ጉልላት ላይ አራት የሽቦ መዝጊያ አስቀድሞ ማሠራት ለዚህ ነው የሚያስፈልገው። ሣጥኑም ቢሆን በየበሩ ላይ ወደ ታች የሚንሸራተት ትንሽ መዝጊያ ይኑረው፤ አናጢው እጁ ላይ ሳለ ጨምሩበት፣ ጭልፊት በሚበዛበት ወቅት ከጭልፊት፣ ማታ ማታ ደግሞ ከሽለምጥማጥ ያድናቸዋል።